የተበየደ የፊት ሾክ «ሾክ ብቻ» አይደለም፦ ለሰሞኑ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በመኪና ባለቤቶችና በጋራዥ ባለሙያዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የመኪናን የፊት ሾክ ቆርጦ ማሳጠር፣ በይዶ ማስረዘም ወይም ክር ያለው ቱቦ ገጥሞ ከፍና ዝቅ እንዲል ማድረግ በአዲስ አበባ የተለመደ፣ ጉዳት የሌለበትና የማንንም ፈቃድ የማይፈልግ ሥራ ነው ሲል ይሞግታል። ጸሐፊው ሰፈሩን የሚያውቁ፣ ለእጅ ባለሙያውም የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታያል። እኔም በዚሁ ሙያ የምውል ሰው ነኝና መቆርቆራቸውን እጋራለሁ። ይሁን እንጂ ጽሑፉን አንብቦ ያመነ ሰው ነገ መኪናውን ለብየዳ ሊያቀርብ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ልጆቹን አሳፍሮ ሊነዳት ስለሚችል፣ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት ግድ ሆኖብኛል።

በመጀመሪያ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው ሾክ የመኪናን ንዝረት ከማብረድ ያለፈ ሥራ ስለሌለው ቢሰበር እንኳ መኪናው ከመንገጫገጭ በቀር ምንም አይሆንም ይላሉ። በጥሩ በያጅ እጅ የተበየደ ቦታ ከቀድሞው ብረት ይልቅ ይጠነክራል ሲሉም ያክላሉ። ከሾኩ አናት ወይም ከሞላው ሥር ማስረዘሚያ ጨምሮ መኪናን ከፍ ማድረግ ሆዷን ከጉብታ ከማዳን በስተቀር የሚለውጠው ነገር የለም፤ በሠለጠነው ዓለም ሰው መኪናውን እንደፈቀደ ይቀይራል፤ እኛም ዘንድ ቢሆን ዓመታዊውን ምርመራ አልፎ ቦሎ የተለጠፈለት መኪና ጸድቋል ማለት ነው ባይ ናቸው። በመጨረሻም የማጽደቅ ሥርዓት ቢመጣ በወጪው የሚጎዱት ከሶማሌ ተራ እስከ ተክለሃይማኖት ያሉት ትናንሽ የቶርኖና የብየዳ ቤቶች ናቸው ሲሉ ይደመድማሉ።

የእኔ አቋም አንድ ነው። በአብዛኞቹ የዛሬ የቤት መኪኖች ላይ የፊት ሾክ የመሪና የፍሬን አካል ነው። ስለዚህ ቆርጦ የሚበይደው ሰው ስሙን ሊያኖርበት፣ መኪናው መንገድ ከመውጣቱ በፊትም ሌላ ባለሙያ አይቶ ሊመሰክርለት ይገባል። ሥራው ይከልከል አላልኩም፤ በሰነድ ይሠራ ነው የምለው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ጸሐፊው «ሾክ ብቻ ነው» የሚሉት ከየት ተነሥተው እንደሆነ ይገባኛል። የአዲስ አበባ መካኒክ እጁን ያፍታታው በላዳ ታክሲ ነው። የላዳ የፊት እግር ከላይም ከታችም ብራቾ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኝ የብረት ክንድ አለው። ጎማውን በቦታው የሚይዙት ሁለቱ ብራቾዎችና ቴስቲናዎቻቸው (ጫፋቸው ላይ ያሉት ኳስ መሰል መጋጠሚያዎች) ናቸው፤ ሾኩ በሞላው መካከል ቆሞ መዝለሉን ያበርዳል እንጂ ጎማውን አይዝም። ከተማዋን ለዘመናት ያመላለሱት የሃይኤስ ሚኒባሶችም በቀደሙት ሞዴሎቻቸው እንዲሁ ሁለት ብራቾና ቶርሽን ባር (እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) ያላቸው፣ ሾካቸውም ለብቻው የሚታሰር ነበሩ። በእነዚህ መኪኖች ላይ ሾኩ ቢሰበር ሹፌሩ እየተንገጫገጨ ጋራዥ ይደርሳል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ዛሬ በመሀል ከተማ የሚታየው መኪና ግን በአመዛኙ ላዳ አይደለም። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላና ሱዙኪ ዲዛየር የፊት እግራቸው ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። የ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) አዲስ የሃይኤስ ሞዴል ሳይቀር ወደዚሁ ተዛውሯል። ስያሜው የመጣው በጄኔራል ሞተርስ፣ ኋላም በፎርድ ከሠራው አሜሪካዊ መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን ሲሆን፣ ፎርድ በእንግሊዝ ባመረተው ኮንሱል ላይ በ1950 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ዋለ። የማክፈርሰን ብልሃት የላይኛውን ብራቾ ጨርሶ አስወግዶ ቦታውን ለሾኩ መስጠቱ ነው። ስትራት የሚባለው ይህ ነው። ጎማውን የያዘው ናክል ከስትራቱ የታችኛው ጫፍ ጋር በሁለት ቡሎን ይታሰራል። የላይኛው ጫፍ ደግሞ ኮፋኖ ሲከፈት በግራና በቀኝ በሚታዩት ክብ መቀመጫዎች ሥር ኩሽኔታ ላይ ያርፋል፤ መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ስትራቱ ከነሞላው አብሮ ይዞራል። ከታች አንድ ብራቾ፣ ከላይ ስትራቱ፤ ጎማውን የሚይዘው ሌላ ነገር የለም፤ ለመሪው የምትታዘዘው የመሪ ዘንግ ቴስቲና ብቻ ትጨመራለች።

ይህ ምን ያህል ጭነት እንደሆነ በግርድፍ ስሌት ማየት ይቻላል። 1,000 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን ትንሽ መኪና ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሀር የሚወርደውን የቸርቸር ጎዳና ይዛ በኃይል ፍሬን ስትይዝ፣ ክብደቷ ወደ ፊት ያጋድላል፤ እያንዳንዱ የፊት ጎማም ከአስፋልቱ 300 ኪሎ ግራም የሚጠጋ የኋልዮሽ ግፊት ይቀበላል። በተለመደው የማክፈርሰን አሠራር የዚህ ግፊት ሲሶ የሚሆነው የሚደርሰው በስትራቱ የላይኛው ጫፍ ላይ ነው። በመሆኑም ስትራቱ ሞላውን ከመሸከሙ በላይ፣ መቶ ኪሎ ያህል ክብደት ወደ ጎን እየገፋው ከታች በሁለት ቡሎን ተይዞ እንዳይጎብጥ ይታገላል። ጉድጓድ ወይም የመንገድ ጠርዝ ሲገኝ ይህ ቁጥር በአንድ ጊዜ ይባዛል። ቱቦው ከቡሎኖቹ በላይ ተቆርጦ የተበየደ ከሆነ ብየዳው የሚያርፈው ይህ የመጉበጥ ኃይል በሚበረታበት አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ቢለያይ ጎማው ከላይ የሚይዘው ያጣል፣ ወደ ጎን ይጋደማል፣ ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል፤ የፍሬን ቱቦውም አብሮ ሊበጠስ ይችላል። ሹፌሩ መሪ አለኝ ብሎ ይጠመዝዛል፤ ጎማው ግን አይታዘዝም።

ሁለተኛው ነጥብ የብየዳ ጥንካሬ ነው፤ ስሕተቱ ከሁሉ የረቀቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ጸሐፊው ያሉት ግማሹ እውነት ነው። 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) የሚያወርደው ብረት ሲሳብ ከ480 ሜጋፓስካል በላይ ይሸከማል (አንድ ሜጋፓስካል በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አሥር ኪሎ ያህል ጭነት ነው)፤ የስትራት ቱቦ ከሚሠራበት ተራ ብረት ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በደንብ የተበየደ ቱቦ በመጎተቻ ማሽን ቢሳብ ከብየዳው ይልቅ ከጎኑ ያለው ብረት ሊበጠስ ይችላል። ነገር ግን ስትራት አንድ ጊዜ ተጎትቶ አይሰበርም። የሚሰበረው በድካም ነው፤ ማለትም አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም የማያደርገው ጭነት በሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ነው።

የዓለም አቀፉ የብየዳ ኢንስቲትዩት የድካም ደረጃዎች የሚለኩት ጭነቱ 2 ሚሊዮን ዙር ሲደጋገም ነው። በእነዚህ ደረጃዎች ጭነት ተሸካሚ የሆነ የጥግ ብየዳ የሚፈቀድለት የጭነት መለዋወጥ ስንጥቁ ከብየዳው ጠርዝ የሚነሣ ከሆነ 63፣ ከሥሩ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ 36 ሜጋፓስካል ነው። አንድ ጊዜ ሲሳብ ከ400 በላይ የሚችለው መጋጠሚያ ሲደጋገምበት ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ ላይችል ይችላል ማለት ነው። ብረቱን ወይም ኤሌክትሮዱን በጠንካራ መለወጥም ይህን ቁጥር እምብዛም አያሻሽለውም፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከብየዳው ቅርጽ፣ ከጠርዙ ጉድባና በሥሩ ካልቀለጠው ቦታ ነውና። 2 ሚሊዮን ዙር ደግሞ ሩቅ አይደለም። የመኪና ሞላ በሻካራ መንገድ ላይ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። በቀን ሁለት ሰዓት የሚነዳ ሰው 7,200 ጊዜ፣ በዓመት 300 ቀን ቢነዳ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ሁሉም ውዝዋዜ ከባድ ባይሆንም ቆጣሪው አይቆምም።

ተክለሃይማኖት አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ከአንዲት ቪትዝ ወርዶ ያየሁት የተሰበረ ስትራት ይህን በግልጽ ያስነብባል። ቱቦው ተቆርጦ 40 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲረዝም ተበይዷል። ከውጭ ሲታይ ብየዳው በግራይንደር ተስተካክሎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ የፋብሪካ ሥራ ይመስላል። የተሰበረው ፊት ግን ሁለት ዓይነት ነው። ከግማሹ የሚበልጠው ጠቁሯል፣ ዝጓል፤ በላዩም ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እየሰፉ የሄዱ ቀጫጭን ቅስት መስመሮች አሉበት። የተቀረው ደማቅና ሻካራ ነው። ጠቁሮ የዛገው ክፍል ሹፌሩ ሳያውቅ ስንጥቁ ቀስ እያለ ሲሄድበት የኖረ ነው፤ ደማቁ በመጨረሻዋ ቅጽበት የተቆረጠው ነው። መስመሮቹ የሚነሡት ከብየዳው ሥር፣ የቀለጠው ብረት ከቱቦው ጋር ካልተዋሐደበት ቦታ ነው። በያጁ እጁ ጥሩ ነበር፤ ከላይ ያለው ሥራው ይመሰክራል። የጎደለው በቱቦው ውስጥ ገብቶ መጋጠሚያውን የሚደግፍ እጅጌ (ቁራጭ ቱቦ) እና ሥሩን የሚያይ ምርመራ ነው። ላዩን በግራይንደር ማስተካከሉም ቢሆን ውበት ጨመረለት እንጂ የብየዳውን ሥጋ አሳስቶበታል።

ጸሐፊው ኤሌክትሮድን ሳይለዩ ስለ «ጥሩ ብየዳ» መናገራቸውም አንባቢን ያሳስታል። በየሱቁ በብዛት የሚገኘው 6013 ለበርና ለመስኮት ሥራ ምቹ ነው፤ ጠልቆ ስለማይቀልጥ ግን ለዚህ ሥራ አይመረጥም። 7018 የተሻለ ነው፤ ግን እርጥበት የሳበ እንደሆነ ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ አስገብቶ ብየዳው ከቀዘቀዘ ከሰዓታት በኋላ ሊሰነጥቀው ይችላል። በአዲስ አበባ ክረምት ካርቶኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የሰነበተ 7018 በምድጃ ሳይደርቅ ለስትራት መዋል የለበትም።

ሁለት ነገሮች ደግሞ በማንኛውም ኤሌክትሮድ መደረግ የለባቸውም። አንደኛው የሾኩን ዘንግ በብየዳ ማስረዘም ነው። ዘንጉ ከ18 እስከ 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በላዩ የጠነከረና ክሮም የተለበጠ ብረት ነው። የብየዳ ሙቀት ሲያገኘው ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ የዘይት ማገጃ ጎማውም በሙቀቱ ይበላሻል። ሁለተኛው ዘይትና ጋዝ ያለበትን ሾክ ሳይፈቱ መቁረጥ ወይም መበየድ ነው። ሞኖቲዩብ የሚባለው ዓይነት በውስጡ ከ20 ባር በላይ የናይትሮጅን ግፊት ይይዛል፤ የመኪና ጎማ ግፊት ከ2 ባር ትንሽ ቢበልጥ ነው። እዚህ ላይ አደጋው መጀመሪያ የሚደርሰው በበያጁ ፊት ላይ ስለሆነ፣ ለእጅ ባለሙያው የሚቆረቆር ጽሑፍ ይህን ሳይጠቅስ ማለፉ አሳዝኖኛል።

በትክክል የሚሠራ ሰው እንዴት እንደሚሠራ ላስቀምጥ፤ ይህን የሚያደርጉ ባለሙያዎች መሀል ከተማ ውስጥ አሉና። ሊፈታ የሚችል ስትራት መርጠው ዘይቱን ያፈሳሉ፣ ዘንጉንና የውስጥ ሲሊንደሩን ያወጣሉ። ቱቦውን በግራይንደር አይቆርጡም፤ ፊቱ ቀጥ እንዲል በቶርኖ ይቆርጡታል። በሁለቱ ቁራጮች ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባ እጅጌ አስልተው ያስገባሉ። ቱቦው እንዳይጣመም በመያዣ አስረው፣ በተቃራኒ ጎኖች ነጥብ በነጥብ ከያዙ በኋላ በየተራ እያቀዘቀዙ ይበይዱታል። ሲጨርሱ ቱቦውን ቶርኖ ላይ መልሰው እያዞሩ በዳያል ጌጅ ጥመቱን ይለካሉ። ቀለም ከመቀባታቸው በፊት ብየዳውን ቀይ የመመርመሪያ ፈሳሽ ቀብተው ይጠርጉትና ነጭ ዱቄት ይረጩበታል፤ ስንጥቅ ካለ በነጩ ላይ ቀይ መስመር ሆኖ ብቅ ይላል። ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ጊዜና ሥርዓት ይፈልጋል።

ሦስተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። መኪናን ከፍ የማድረግ ፍላጎቱ ትክክለኛ መሆኑን እቀበላለሁ። የኮሪደር ልማቱ የዋና ዋና መንገዶችን አስፋልት ቢያሻሽልም፣ ወደ ሰፈር ሲገባ ኮብልስቶኑና ያለ ልክ የተሠራው ጉብታ የትንንሽ መኪኖችን ሆድ ይፍቃል። ነገር ግን «ሌላ ለውጥ አያመጣም» የሚለው አይደለም። ማስረዘሚያው ከሞላው ሥር ከገባ መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ ስትራቱ ግን ወደ ታች ለመዘርጋት የነበረው ቦታ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥርም ዘንጉ ከጫፉ ጋር እየተጋጨ ይጮኻል። ከስትራቱ አናት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከተጨመረ ደግሞ ጎማው ተንጠልጥሎ ሲዘረጋ ከቀድሞው 30 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ሲቪ ጆይንቱ (የሞተሩን ኃይል ለጎማው የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ) እና የታችኛው ቴስቲና ካልተሠሩበት ማዕዘን ይደርሳሉ፣ የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦም ይወጠራል። ይህን መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማዋን አንጠልጥሎ፣ መሪውን ዳር እስከ ዳር እያዞሩ ቱቦውን በእጅ በመንካት ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል። የመሪ ዘንጎቹ ማዕዘን ስለሚለወጥ ጎማዎቹ የሚያዩበት አቅጣጫም ይዛባል፤ ስለዚህ አላይመንት ሳይደረግ የተረከበ መኪና ጎማ ይጨርሳል። የፊት መብራቱም ሽቅብ ስለሚያይ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያውራል። መጠነኛ ጭማሪ በአላይመንትና በቱቦ ፍተሻ ታግዞ ሊሠራ ይችላል፤ ቁም ነገሩ ፍተሻው መደረጉ ነው።

አራተኛው፣ በውጭ አገር ሰው መኪናውን እንደፈቀደ ይቀይራል የሚለው ነው። ለዚህ አባባል የሚቀርበው ማስረጃ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ሊመጣ ይችላል፤ በከፊልም እውነት አለው። በአሜሪካ አንድ ባለቤት በገዛ መኪናው ላይ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ የሚያጸድቅ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የለም፤ ጉዳዩ በየስቴቱ ይለያያል። እዚያም ቢሆን ጋራዥና ነጋዴ በደኅንነት ደረጃ መሠረት የተገጠመን መሣሪያ እያወቀ ከሥራ ውጭ እንዳያደርግ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። በእንግሊዝ ደግሞ ለውጡን ለመድን ሰጪው አለማሳወቅ ካሳ እስከማስከልከል ይደርሳል።

ዓለም ግን በሁለቱ አያበቃም። በጀርመን የመንገድ ትራፊክ ፈቃድ ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት፣ በሌሎች ላይ አደጋ ያመጣል ተብሎ የሚጠበቅ ለውጥ የተደረገበት መኪና የመንቀሳቀስ ፈቃዱ ይቋረጣል። ከፍና ዝቅ የሚል ስትራት የሚሸጥ አምራች የፍተሻ ሰነድ አብሮ ይሰጣል፤ ገዢው ከገጠመው በኋላ እንደ ቲዩፍ ባሉ የታወቁ መርማሪዎች ዘንድ ቀርቦ ያስመሰክራል። ሰነድ የሌለው፣ በእጅ የተሠራ ከሆነ ደግሞ በአንቀጽ 21 መሠረት ለብቻው ይመረመራል። አውስትራሊያ ቪኤስቢ 14 የሚባል ብሔራዊ የአሠራር መመሪያ አላት፤ በዚያ መሠረት መኪና ዝቅ ሲደረግ ከመጀመሪያው የእግር እንቅስቃሴ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው መቅረት አለበት፤ ከወሰን ያለፈ ለውጥም የመሐንዲስ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ኒውዚላንድ ከመደበኛው ወሰን ያለፈ ለውጥ የተደረገበትን መኪና በተፈቀደለት መርማሪ አስመርምራ የለውጡ ዝርዝር የተጻፈበት ሳህን አካሉ ላይ እንዲለጠፍ ታደርጋለች። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ አገሮች በእጅ የሚሠራን ሥራ አልከለከሉም። በር ከፍተውለት በሩ ላይ መርማሪ አቁመዋል። ስለዚህ በውጭ አገር ሁሉም እንደፈቀደ ይቀይራል የሚለው አባባል አይጸናም።

አምስተኛው የቦሎ ነገር ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ዓመታዊ ምርመራን ግዴታ አድርጓል፤ ይህ ለመንገድ ደኅንነት ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም መርማሪው የሚያየው ጉልህ ጉድለትን ነው፦ ዘይት የሚያፈስ ሾክ፣ የላላ ቴስቲና፣ የማይዝ ፍሬን። ቀለም የተቀባ ብየዳ ሥሩ ቀልጧል ወይ የሚለውን በዓይን ማየት አይቻልም፤ ዘንጉ በሞላና በላስቲክ ተሸፍኖ ሳለ ተበይዶ እንደሆነ ማወቅም አይቻልም። ያቺ የተክለሃይማኖቷ ቪትዝ መስታወቷ ላይ ቦሎ ነበራት። መርማሪው አልተሳሳተም፤ ያልተጠየቀውን አልመለሰም እንጂ። ዓመታዊ ምርመራ «መኪናው ዛሬ የሚታይ ጉድለት አለበት ወይ» የሚለውን ይመልሳል፤ ማጽደቅ ግን «ይህ ክፍል የተሠራበት መንገድ ጭነቱን ይችላል ወይ» የሚለውን ይጠይቃል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ስድስተኛውና ጸሐፊው ከልባቸው የጻፉት ነጥብ ትናንሾቹ ቤቶች ይጎዳሉ የሚለው ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ ያለ ሰነድ የሚሠራው ባለሙያ ነው ሜዳ ላይ የቀረው ባይ ነኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። አንቀጽ 2085 ደግሞ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተገቢው መንገድ ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ክር ያለው ቱቦ ሠርቶ የሚሸጥ የቶርኖ ቤት ከዚህ አንቀጽ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ነገ አደጋ ደርሶ ፍርድ ቤት ቢቀርብ፣ ምን ዓይነት ብረት ተጠቀምክ፣ በምን በየድክ፣ ማን አየልህ ሲባል የሚያሳየው ወረቀት የለውም። መኪናው ከእሱ ቤት ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ቢነካካው እንኳ ይህን የሚያስረዳበት መንገድ የለውም። የማጽደቂያ ሰነድ ለመኪናው ባለቤት ጠባቂ እንደሆነ ሁሉ ለባለሙያውም ጋሻ ነው።

ሥራው ሊጨምር እንጂ ሊቀንስ እንደማይችልም ማየት ይገባል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በከተማዋ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። አይዲ 4ና አይዲ 6 የሚባሉት የቮልስዋገን ሞዴሎች ከፊት ማክፈርሰን እግር ያላቸው ሆነው፣ 2,000 ኪሎ ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናሉ። በ1,000 ኪሎዋ ትንሽ መኪና ላይ ያሰላነው ግፊት በእነሱ ላይ እጥፍ ያህል ይሆናል። መለዋወጫቸው እንደ ቶዮታ በየሱቁ አይገኝምና ባለቤቶቹ ሥራልን እያሉ ወደ ቶርኖ ቤት መምጣታቸው አይቀርም። በቪትዝ የተለመደን አሠራር በግምት ወደ እነዚህ መውሰድ ደግሞ አይቻልም።

ስለ ወጪው ጸሐፊው ያነሡት ስጋት መልስ ይገባዋል፤ እያንዳንዱ መኪና ለብቻው በላቦራቶሪ ይመርመር ቢባል በእርግጥም ማንም አይችለውም። ግን እንዲህ መሆን የለበትም። አንድ ቤት ለአንድ የመኪና ዓይነት የሚሠራውን ስትራት አንድ ጊዜ ያጸድቃል፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ መኪና ላይ የሚታየው በጸደቀው መሠረት መሠራቱና በትክክል መገጠሙ ብቻ ይሆናል። ሰነዱ የሚይዘው ልኬቱ የተጻፈበት ሥዕል፣ የብረቱና የኤሌክትሮዱ ዓይነት፣ የሙያ ብቃት ምዘና ያለፈ የበያጁ ስም፣ ቀለም ሳይቀባ የተነሣ ፎቶ፣ የቀይ ፈሳሹ ምርመራ ውጤት፣ ከተገጠመ በኋላ የአላይመንቱ ወረቀት ነው። በስትራቱ ላይ መለያ ቁጥር ይመታበታል፤ የሚመታውም በሞላ መቀመጫው ጠርዝ ላይ ነው እንጂ በቱቦው ላይ አይደለም፣ የመዶሻው ምት ራሱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናልና። ቁጥሩ በከተማዋ የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ዘንድ ባለው የመኪናው ፋይል ውስጥ ይመዘገባል፤ የዓመታዊ ምርመራው ባለሙያም በቀጣዩ ዓመት ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

የመጀመሪያውን ፍተሻ ሊሠሩ የሚችሉ ተቋማት ሩቅ አይደሉም። የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለ፤ በ5 ኪሎ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሜካኒካል ምህንድስና ትምህርት ቤት አለ፤ በያጅና የቶርኖ ባለሙያ የሚያሠለጥነው ተግባረ ዕድም እዚሁ መሀል ከተማ ነው። ጸሐፊው በጽሑፋቸው ካመሰገኗቸው ቤቶች አንዱ ፈቃደኛ ቢሆን የቪትዝ የፊት ስትራት ለመነሻ ይመቻል፦ ብዛት አላት፣ አሠራሯ ይታወቃል፣ ክብደቷም ቀላል ነው። በአንድ ሥዕልና በአንድ በያጅ እጅ ሁለት ስትራት ይሠሩ፤ አንዱ ለሁለት ተሰንጥቆ የብየዳው ሥር ይታይ፣ ሌላው በማጉበጫ ማሽን ላይ እስኪሰነጠቅ ይደጋገምበትና ስንት ዙር እንደቻለ ይጻፍ። ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ ሥዕሉን እኔ አዘጋጃለሁ፤ ቤቱን እሳቸው ይምረጡ።